እንጨት መጋዝ ሲነክስ፦ የእጅ ሰርኩላር አያያዝ ለጎጃም አናጺ

የእጅ መጋዝ እንጨት ውስጥ ሲያዝ ክንድ ይቆማል፣ መጋዙም አብሮ ይቆማል። ሰርኩላር፣ ማለትም ክብ ዲስክ በሞተር የሚያዞር መጋዝ፣ ሲያዝ ግን ሞተሩ መግፋቱን አይተውም፤ ዲስኩ መዞር ካቃተው የሚንቀሳቀሰው መሣሪያው ራሱ ነው። ከእንጨቱ ተፈናጥሮ ይወጣና በመጣበት መስመር ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ርግጫ እንለዋለን፤ እንደ በቅሎ ሁሉ የሚመታው ከኋላው የቆመውን ነውና። ባለ 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አይቶ ለመሸሽ የሚበቃ ጊዜ የለም።

ርግጫ ምክንያት አለው። ወይ እየተቆረጠ ያለው ክፍተት ከዲስኩ በስተኋላ ተዘግቶ ነክሶታል፣ ወይ መጋዙ ከመስመሩ ወጥቶ ዲስኩ ክፍተቱ ውስጥ ተወላግዷል፣ ወይ ደግሞ ዲስኩ ገና እየዞረ መጋዙ ወደ ኋላ ተስቧል ወይም ብድግ ተደርጓል። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጀመሪያውን ነው። እሱም የሚወሰነው ገና ስፒናው ሳይሰካ፣ እንጨቱ በሚቀመጥበት አኳኋን ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ እንጨቱ ራሱ ያባብሰዋል። ከመራዊ እስከ ደብረ ማርቆስ በአናጺ እጅ በብዛት የሚገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ የግንዱ ውጫዊ ክፍል ተወጥሮ፣ ልቡ ደግሞ ተጨምቆ ይኖራል። ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይለቀቅና ጣውላው ዓይናችሁ እያየ ይጎብጣል፤ አንዳንዴ ክፍተቱን ይከፍተዋል፣ አንዳንዴ ይዘጋዋል፤ የትኛው እንደሚሆን ከውጭ አይቶ መናገር ይቸግራል። በክረምት ተቆርጦ ሳይደርቅ የመጣ ሲሆን ይብሳል፤ እርጥብ ሰጋቱራ ክፍተቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ዲስኩንም ያሞቀዋል። ዋንዛ ረጋ ያለና ለመጋዝ የሚመች ነው። የፈረንጅ ጥድ ለስላሳ ቢሆንም ጉጥ ይበዛበታል፤ ዲስኩ ከለስላሳው ወጥቶ ጉጥ ላይ ሲደርስ መጋዙ በድንገት ይከብዳል፣ ሰውም ሳያስበው ይገፋዋል። ወይራ ደግሞ በዶለዶመ ዲስክ የሚሞከር እንጨት አይደለም።

ስፒናው ሳይሰካ

ለቤት ሥራና ለአናጺ የተለመደው መጋዝ ባለ 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ከ1,200 እስከ 1,600 ዋት የሚሆን ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ 65 ሚሊ ሜትር፣ በ45 ዲግሪ ሲያጋድል ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። ስለዚህ 5 በ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በ5ቱ በኩል በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ በ7ቱ በኩል ግን ከሥር ሳይቆረጥ የሚቀር ስስ ነገር ይኖራል። ያንን በእግር ረግጦ ሰብሮ መጨረስ ሞራሌውን ይተለትለዋል፤ ገልብጡት።

መጀመሪያ የሚታየው የታችኛው ክዳን ነው። የላይኛው ክዳን የማይነቃነቅ ነው፤ የታችኛው ግን እንጨቱ ሲገፋው ወደ ላይ ይገባል፣ መጋዙ ከእንጨቱ ሲወጣ ደግሞ ሞላው መልሶ ዲስኩን ይሸፍነዋል። በማንሻው እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ልቀቁት፤ ቀጭ ብሎ መዘጋት አለበት። እየተጎተተ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ በሙጫ የተለወሰ ሰጋቱራ መሐሉ ገብቷል፤ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል። ዘይት አትቀቡት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና በሳምንቱ ከቀድሞው የባሰ ይጣበቃል። ጸድቶም ካልተመለሰ ሞላው ደክሟል ወይም ክዳኑ ወድቆ ተጣሟል፤ ሳይጠገን ሥራ አይጀመርም።

ክዳኑን በሽቦ አስሮ ወይም ቁራጭ እንጨት ወትፎ ክፍት መተው በብዙ ሥራ ቦታ ይታያል። ምክንያቱ የሚገባ ነው፦ ጫፍ ላይ ቀጭን ቁራጭ ሲከረከም ወይም አጋድሎ ሲቆረጥ ክዳኑ እንጨቱን እየነካ ያስቸግራል። ነገር ግን ማብሪያው ከተለቀቀ በኋላ ዲስኩ ለጥቂት ሰከንድ በራሱ ይዞራል። ያን ጊዜ ክዳን የሌለው መጋዝ ጭን አጠገብ ሲወርድ ሱሪም ሥጋም አይለይም፤ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት በጥርሱ እየተራመደ ይሄዳል። ክዳኑ ካስቸገረ በማንሻው በእጅ ከፍ አድርጎ ጥርሱ ጥቂት እንጨት ውስጥ እንደገባ መልቀቅ ነው፤ ማንሻው የተሠራው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ጫማው። ጫማ የምንለው እንጨቱ ላይ የሚንሸራተተውን ጠፍጣፋ ብረት ነው። መጋዝ አንድ ጊዜ ከከፍታ ከወደቀ ጫማው ይጣመማል፣ ዲስኩም ከጫማው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑ ይቀራል። ለመለካት ክዳኑን ከፍታችሁ ከፊተኛው ጥርስ እስከ ጫማው ጠርዝ፣ ከዚያ ከኋለኛው ጥርስ እስከዚያው ጠርዝ ያለውን ርቀት አስተያዩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካለፈ ዲስኩ እየተወላገደ ነው የሚሄደው፤ አንደኛውን የእንጨት ጎን ያቃጥላል፣ በረጅም ቁርጥ ላይ ራሱን ይነክሳል። ዘጠና ዲግሪ መቆሙንም በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ተመልከቱ፤ መጋዙ ላይ የተቀረጸው የዲግሪ ምልክት ሁልጊዜ አይታመንም።

አንዳንድ መጋዝ ከዲስኩ በስተኋላ ቀጭን የብረት ምላስ አለው፤ ሥራው የተቆረጠው ክፍተት እንዳይዘጋ መያዝ ነው። «ያደናቅፋል» ብለው ፈትተው የሚጥሉት ሰዎች አሉ። የባሕር ዛፍ ጣውላ በቁመት ለሚሰነጥቅ ሰው ከዚያ ብረት የበለጠ ጠባቂ የለውም፤ ከዲስኩ ጥርስ ያለው ርቀት ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጋችሁ እሰሩት።

ዲስክ

የጥርሱ ቁጥር የሚመረጠው በሥራው ነው። ለሞራሌ፣ ለጣውላና በቁመት ለመሰንጠቅ ባለ 24 ጥርስ፤ ለኮምፔንሳቶ (ከስስ የእንጨት ንጣፎች ለተጣበቀ ሉህ) እና ለኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ለተጨመቀ ሉህ) ባለ 40፤ ጠርዙ ፈጽሞ እንዳይፈናጠር ከተፈለገ ባለ 60። ባለ 60 ጥርሱን ለወፍራም እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያውል ሰው እንጨት አይቆርጥም፣ ይጠብሳል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሰጋቱራው መውጫ ያጣል።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። የመሐሉ ቀዳዳ ከመጋዛችሁ ዘንግ ጋር እኩል ይሁን፤ 16፣ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ልዩነቱ የሚሞላው አብሮ በሚመጣ ማጥበቢያ ቀለበት ብቻ ነው፤ በጠቀለሉት ላሜራ ወይም በሽቦ የሞሉት ዲስክ እየተወዛወዘ ይዞራል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የደቂቃ ዙር መጋዙ ላይ ከተጻፈው መብለጥ አለበት። በእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ የተበየደው የካርባይድ ቁራጭም የጎደለ ወይም የተሰነጠቀ አይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ የእንጨት ዲስክ ግራይንደር ላይ መግጠም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሮጣል፤ ጫማ የለው፣ የሚመለስ ክዳን የለው፣ ጥልቀቱን የሚወስንለት ነገር የለው። ሲነክስ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው። ምንም ዓይነት ጥንቃቄ ይህን ደኅና ስለማያደርገው እንዴት እንደሚሠራ እዚህ አንጽፍም።

ዲስክ ሲቀየር ስፒናው መነቀል አለበት፤ ባለ ባትሪ ከሆነ ባትሪው ይውጣ። የዘንግ መቆለፊያውን ተጭናችሁ ብሎኑን ዲስኩ በሚዞርበት አቅጣጫ ስታዞሩት ይፈታል፣ በተቃራኒው ይጠብቃል። ዲስኩ ላይ ያለው ቀስትና ክዳኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ አንድ ወገን ማመልከት አለባቸው፤ ተገልብጦ የገባ ዲስክ ያጨሳል እንጂ አይቆርጥም። ከውስጥና ከውጭ ያሉትን ሁለት ሮንዴላዎች (ዲስኩን የሚያጣብቁትን ክብ ብረቶች) ከሰጋቱራ ጥረጉ፤ መሐላቸው የቀረች ትንሽ ሰጋቱራ ዲስኩን ታጋድለዋለች። ብሎኑ በቁልፉ በእጅ ጉልበት ይጠበቅ፤ በመዶሻ አይመታም።

የዶለዶመ ዲስክ ይታወቃል፦ ሰጋቱራው ፍርፍር መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ይሆናል፣ የተቆረጠው ጎን ይጠቁራል፣ መጋዙ መግፋት ይፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የዶለዶመ የሚመስለው በሙጫ የተሸፈነ ብቻ ነው። ዲስኩን አውጥታችሁ የልብስ ሳሙና በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋችሁ ወዲያው አድርቁት። የካርባይድ ጥርስ በተራ ሞረድ አይሳልም።

መብራትና ገመድ

የ1,500 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ለሬዲዮና ለአምፖል የተገዛ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይሸከምም። እስከ 15 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 30 ሜትር ባለ 2.5 ገመድ ተጠቀሙ፤ የተጠቀለለ ገመድ ካለ እስከ መጨረሻው ይፈታ፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይሞቅና ሽፋኑ ይቀልጣል። መጋዙ ቮልት ሲያንሰው ዲስኩ ይዘገያል፤ የዘገየ ዲስክ ደግሞ ቶሎ ይነከሳል። ማለትም ቀጭን ገመድ ሞተር ብቻ ሳይሆን ጣትም ያስከፍላል።

መብራት በማያስተማምንበት ቀን ጥንቃቄው ሌላ ነው። እየቆረጣችሁ መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን ልቀቁ፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ፣ በመጨረሻ መጋዙን ከእንጨቱ አውጡ። «እስኪመጣ» ተብሎ እንጨት ውስጥ እንደተሰካ የተተወ መጋዝ፣ በተለይ ማብሪያው የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይዘው ይነሣል። የማብሪያ መቆለፊያ ያለው መጋዝ ካላችሁ መቆለፊያውን ጨርሶ አትጠቀሙበት።

በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ከፍታውን አስቡ። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አምስተኛውን፣ ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከሩብ በላይ ይወስድባችኋል። «2 ኪሎ ዋት» ተብሎ የተሸጠ ጄኔሬተር ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 1.5 ኪሎ ዋት ይወርዳል፤ የ1,500 ዋት መጋዝ ሲነሣ ይታነቃል። ከ3.5 ኪሎ ዋት በታች ባይሆን ይመረጣል።

ዝናብ ላይ አትሥሩ። መጋዙ ላይ በካሬ ውስጥ ካሬ የተሣለ ምልክት ካለ ሁለት ሽፋን መከላከያ አለው ማለት ነው፤ ይህ ግን የረጠበ እጅንና የተላጠ ገመድን አያድንም። ሥራ ቦታው ላይ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የመሬት ፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚያቋርጥ) ማስገባት ከመጋዙ ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው።

እንጨቱን ማስቀመጥ

በእጅ መጋዝ ያደገ አናጺ እንጨቱን በእግሩ ረግጦ፣ ወይም በጉልበቱ ተጭኖ መቁረጥ ለምዷል። ለእጅ መጋዝ ደግ ልማድ ነው፤ ለሰርኩላር ግን እግሩን ዲስኩ መንገድ ላይ ማኖር ይሆናል። ሁለቱም እጅ መጋዙ ላይ መሆን ስላለባቸው እንጨቱን መያዝ የሞርሳ፣ ማለትም ጨብጦ የሚይዘው ብረት፣ ሥራ ነው። ሞርሳ ከሌለ ሞራሌውን ካባሌቶው (እንጨት የሚያርፍበት ባለ እግር መደገፊያ) ላይ በሁለት ሚስማር ግማሽ ድረስ መትቶ መያዝ ይቻላል፤ ሚስማሮቹ ግን ከቁርጡ መስመር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቁ።

ሞራሌን በሁለት ካባሌቶ አሳርፎ መሐሉን መቁረጥ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። መሐሉ እየተቆረጠ ሲሳሳ ሁለቱም ወገን በክብደቱ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የክፍተቱ የላይኛው አፍ ይዘጋል፣ ዲስኩን ይነክሰዋል። ትክክሉ ሁለቱም ካባሌቶዎች በሚቀረው ወገን ሥር ሆነው የሚወድቀው ቁራጭ ወደ ውጭ እንዲንጠለጠል ነው። ያኔ ሲሰምጥ ክፍተቱ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም።

የሚወድቀው ቁራጭ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መጨረሻው ላይ በራሱ ክብደት ተሰንጥቆ ይወርዳል። ይሄኔ ረዳት ይጠራል። ረዳቱም ለማገዝ ብሎ ጫፉን ብድግ ያደርገዋል፤ ብድግ ሲል ክፍተቱ ይዘጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት፦ ከሥር መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቅ፣ አያንሣ፣ አይሳብ፣ ወደ ጎንም አይጠምዝዝ፤ ቁራጩ ሲለቀቅ ብቻ ይቀበል። ከዚያም የሚቆመው ጎን ላይ ነው፤ ከዲስኩ መስመር ፊትም ኋላም አይሁን።

ኮምፔንሳቶ ሲሆን ነገሩ ይለያል። 122 በ 244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ሉህ በካባሌቶ ላይ ይወዛወዛል። መሬት ላይ አራት ሞራሌ ደርድሩ፦ ሁለቱ ከቁርጡ መስመር ግራና ቀኝ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለቱ በየጫፉ። ሉሁን ከላይ አጋድሙት። እንዲህ ሲሆን ከተቆረጠ በኋላም ሁለቱ ወገኖች ካሉበት አይነቃነቁም፣ የሚነክስ ነገርም የለም። ዲስኩ ከፊት በኩል ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈናጠረው የላይኛው ገጽ ነው፤ ስለዚህ መልካሙን ገጽ ወደ ታች አድርጉ። በሁለቱም በኩል ማማር ካለበት መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በላዩ ቁረጡ።

ጥልቀት

ዲስኩ ከእንጨቱ ሥር መውጣት ያለበት ከአንድ ጥርስ ቁመት ያልበለጠ ነው፤ በቁጥር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር። 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ለመቁረጥ ዲስኩን እስከ 65 የሚለቅ ሰው 40 ሚሊ ሜትር የሚዞር ብረት ከእንጨቱ ሥር በከንቱ አሳይቷል፤ የረዳት ጣት ከሥር ሲያልፍ የሚያገኘው እሱን ነው። ጥልቀት የበዛ እንደሆነ ደግሞ እንጨት ውስጥ የሚገባው የዲስክ ገጽ ይበዛል፣ የሚነከሰውም ቦታ ያው ይበዛል። ስፒናውን ነቅላችሁ መጋዙን ከእንጨቱ ጎን አስጠግታችሁ በዓይን አስተካክሉት፣ ማጥበቂያውን አጥብቁ። በየእንጨቱ ውፍረት ይህን መድገም ያሰለቻል፤ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አቆራረጡ

መስመሩን በስኳድራ አስምሩ፤ ዲስኩ ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ስለሚለውጥ ከመስመሩ ወዲያ፣ በሚጣለው ወገን ላይ ይሂድ። የጫማው ሰፊ ጎንና የሞተሩ ክብደት በሚቀረው ወገን ላይ ያርፍ፤ በሚወድቀው ላይ ካረፈ መጨረሻው ላይ መጋዙ አብሮ ያጋድላል።

ከዲስኩ መስመር ግራ በኩል ቁሙ፤ ቀኝ እጅ ዋናውን እጀታ፣ ግራ እጅ የፊቱን ይያዝ። ርግጫ ቢመጣ መጋዙ ጎናችሁን አልፎ ይሂድ እንጂ ሆዳችሁን አያግኝ። ገመዱ ከኋላችሁ፣ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይሁን።

የጫማውን ፊት እንጨቱ ላይ አሳርፉ፤ ጥርሱ ግን እንጨቱን ሳይነካ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አብሩ። ድምፁ እኩል እስኪሆን አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁና ግፉ። ፍጥነቱን የሚነግራችሁ ጆሮ ነው፤ ሞተሩ ሲነጫነጭ ዝግ በሉ፣ ድምፁ ወፍሮ ሲወርድ መግፋት አቁሙ። ከመስመሩ ከወጣችሁ መጋዙን ጠምዝዛችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ማብሪያውን ልቀቁ፣ ዲስኩ እስኪቆም መጋዙን እንዳለ ያዙ፣ ከዚያ አውጡና ከመነሻው እንደገና ጀምሩ። መሐል ላይ ቆማችሁ ስትቀጥሉም እንዲሁ ነው፤ መጋዙን ወደ ኋላ ጥቂት ስባችሁ ጥርሱ እንጨት አለመንካቱን አይታችሁ ነው ማብራት ያለባችሁ። ጥርሱ እንጨት ውስጥ ተሰክቶ የሚነሣ መጋዝ ወዲያው ዘሎ ይወጣል።

ሲያልቅ መጋዙን ወደ ላይ ለመመንጨቅ አትቸኩሉ። ልቀቁ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ ዲስኩ ይቁም፣ ከዚያ አንሡ።

ባሕር ዛፍ በቁመት ሲሰነጠቅ

ቅድሚያ የሚሰጠው ማድረቅ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በጥላ፣ በየመሐሉ እኩል ቁራጭ ተደርጎበት፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖት አንድ በጋ ቢቆይ ጠባዩ ይለወጣል። ያ ካልተቻለ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ጥልቀት አትቁረጡ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን መጀመሪያ በ2.5፣ ከዚያ በዚያው መስመር በሙሉው ሂዱ፤ ውጥረቱ በከፊል በመጀመሪያው ቁርጥ ይለቀቃል።

30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስትሄዱ ቁሙ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ ከዲስኩ በስተኋላ ክፍተቱ ውስጥ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ በጣት ግፉ፤ ክፍተቱ መዘጋት እንዳይችል መያዝ ብቻ ነው የሚፈለገው። በመዶሻ አብዝታችሁ ከመታችሁ ጣውላው ከመጋዙ ቀድሞ በጭረቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ ሽብልቅ ጨምሩ። ሽብልቁ የብረት አይሁን። ክፍተቱ ከኋላ እየጠበበ ሲሄድ ካያችሁ ወይም የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ልቀቁ፤ ዲስኩ ከተያዘም በጉልበት አትንቀሉት፣ ስፒናው ወጥቶ ክፍተቱ በሽብልቅ ሲከፈት በራሱ ይለቃል።

ክብ አጣና በእጅ ሰርኩላር አይቆረጥ። ጫማው በክብ ነገር ላይ ስለማያርፍ ይወዛወዛል፣ አጣናው ይሽከረከራል፣ ወፍራሙም ከዲስኩ ጥልቀት ያልፋል። ቀስት መጋዝ አጣናን በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እዚህ ላይ ማሽን ያለው ሰው ብልጫ የለውም።

ከኮንክሪት የተነሣ የፎርም ጣውላ ሁለት ጠላት አለው፦ የተሰበረ ሚስማርና የደረቀ ሲሚንቶ። ሲሚንቶውን በብረት ብሩሽ ፍቁ፣ መስመሩን በማግኔት ፈትሹ። ማግኔት ከድሮ ስፒከር ይወጣል። በሚስማር የተመታ የካርባይድ ጥርስ ተሰብሮ ይወረወራል፤ መነጽር የሚያስፈልገው ለሰጋቱራ ብቻ አይደለም። የተጣለ የመብራት ምሰሶን ለሥራ አታውሉት፤ በኬሚካል የተነከረ ስለሆነ ሰጋቱራው ይመርዛል፣ ቁራጩም ለማገዶ አይሆንም።

ሰውነት ላይ

በብርዱ ጠዋት ጋቢ ወይም ፎጣ ደርቦ መጋዝ ማንሣት የተለመደ ነው፤ የሚንጠለጠል ጨርቅ ግን ዲስኩ ውስጥ ሲገባ ሰውየውን ይዞ ይገባል። ሹራብ ልበሱ፣ እጅጌው ይጠቅለል ወይም ይቆለፍ። ሰፊ የጨርቅ ጓንትም እንዲሁ ይያዛል፤ አውልቁት። ነጠላ ጫማ አይሆንም። የመጋዙ ድምፅ 100 ዴሲቤል ገደማ ስለሚደርስ ጆሮ መድፈን፣ ኤምዲኤፍ ወይም ደረቅ ዋንዛ ሲቆረጥ የአቧራ ማስክ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰጋቱራው ሁልጊዜ ይጠረግ፤ ሰው የሚንሸራተተው እሱ ላይ ነው።

ደም ከፈሰሰ

መጋዙን ንቀሉ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ ጫኑ፣ ክንዱን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ፤ ጨርቁ ቢርስ አታንሡት፣ ሌላ ደርቡበት። የተፈጨ ቡና፣ አመድ ወይም ቤንዚን አትጨምሩ፤ ደሙን አያቆሙትም፣ ሐኪሙ ቁስሉን ለማጽዳት ይቸገራል። ተጭናችሁትም በብርቱ የሚፈስ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከቁስሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ሆስፒታል እስኪደርስም አትፍቱት።

ጣት ከተቆረጠ ፈልጋችሁ አንሡት። በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ቋጥሩት፣ ፌስታሉን በረዶ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ አኑሩት፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ እንዳይነካ፣ ጣቱም ውኃ ውስጥ እንዳይዘፈዘፍ ተጠንቀቁ። ቀለበት ካለ ጉዳት ከደረሰበት እጅ ላይ እብጠት ሳይጀምር አውልቁት። ከዚያ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለናንተ ከሚቀርበው ሆስፒታል በፍጥነት አድርሱት፤ በመንገድ ላይ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።